የሱቅ ፊት ያለው የእንጨት ቤት፤ ከአዋሽ ሸለቆ እስከ አራዳ

የአንድ አገር ታሪክ የሚጻፈው በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳ ወሬ ብቻ አይደለም። ሰው ዕቃውን የሸጠበት ደጃፍ፥ ከላዩ ያደረበት ደርብ፥ በክረምት ዝናም የተጠለለበት በረንዳ፥ እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ታሪክ አላቸው። ነገር ግን ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ጎንደር ግንብ ብዙ ሲጻፍ፥ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ሆኖ በእንጨትና በጭቃ ስለ ተሠራው የነጋዴ ቤት የሚጽፍ ጥቂት ነው። አብዛኛውም ሰው ይህን ቤት የሚያየው እንደ ጊዜያዊ መጠለያ፥ የሲሚንቶ ዘመን እስኪገባ ድረስ ብቻ እንደ ቆመ ነገር አድርጎ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፥ ይህ ቤት በአገራችን ጥንታዊ ሥር ያለው መሆኑን፥ የሚፈርሰውም እንጨት በባሕርዩ ስለሚጠፋ ሳይሆን የሚያድሰው እጅ ስለሚለየው መሆኑን ነው።

ነገራችንን ከአዋሽ ሸለቆ እንጀምራለን። ምነው ቢሉ፥ የዚህ ቤት ቆርቆሮ፥ ምስማርና መስተዋት አብዛኛው ወደ መካከለኛው አገር የገባው በዚሁ በአፋር ምድር በኩል ነውና።

በሸለቆው የሚኖረው አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ቤቱን የሚሠራው በእንጨትና በሰሌን ነው። ሥራውም የሴቶች ነው። ቀጫጭኑን ዘንግ እንደ ቀስት ለምጠው፥ ጫፍና ጫፉን በመሬት ተክለው፥ ቅርጹን እንደ ተገመሰ እንቁላል ያደርጉታል፤ በላዩም ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ያለብሱታል። ይህም ዳቦይታ ይባላል። የከብቱ ሣር ባለቀ ጊዜ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ዘንጉም ታስሮ ቤቱ በግመል ተጭኖ ይሄዳል። በሰፈሩበት ቦታ እንደ ገና ይቆማል፤ የተሰበረው ዘንግ በአዲስ ይለወጣል፥ ያረጀው ሰሌን ይጣላል፥ ቤቱ ግን ያው የእናትና የአያት ቤት ነው። እንግዲህ የእንጨት ቤት ዕድሜ በአንዱ እንጨት ዕድሜ እንደማይለካ በሸለቆው ያሉ ሴቶች ከመሐንዲስ አስቀድመው ያውቁታል።

በዚሁ ሸለቆ ያሉት ሁለት ከተሞች ሁለት ዘመን ያሳዩናል። ሰመራ አዲስ ናት፤ የአፋር ክልል መቀመጫ ከጥንቷ የአውሳ ከተማ ከአሳይታ ወደ እርስዋ የተዛወረው በእኛ ዘመን ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ ያልፍባታል፤ የተመሠረተችውም ብሎኬትና ሲሚንቶ በአገሩ ሁሉ ከተስፋፋ በኋላ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን የባቡር ልጅ ናት። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ፥ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በድሬ ዳዋ፥ ሌላውን ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበረ። ስለዚህ በጣቢያው አጠገብ ቡፌ የሚባለው የመንገደኞች ማረፊያ ተሠራ። ወሬው የተሰማው ስለ ግድግዳው ውበት ሳይሆን ስለ በረንዳው ነው፤ በቈላ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ጥላው ነውና።

እንግዲህ ሱቅ ያለው የእንጨት ቤት ሲፈለግ፥ ዕቃው በአዋሽ በኩል አለፈ እንጂ ቤቱ ራሱ የቆመው ከሐዲዱ በስተደቡብ ባለችው በሐረርና ሐዲዱ በሚያልቅበት በአዲስ አበባ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ባቡሩ ያመጣው ዕቃውን ነው፤ በእንጨት ቤት የማቆም ጥበብ ከባቡሩ በፊት በአገራችን ነበረ።

ለዚህ ምስክሩ አክሱም ነው። ትልልቆቹ ሐውልቶች ድንጋይ ናቸው፤ የተቀረጸባቸው መልክ ግን የእንጨት ቤት መልክ ነው። ጠራቢው በአንዱ ወጥ ድንጋይ ላይ በርና መስኮት፥ በየደርቡም አግዳሚ እንጨት፥ ከግድግዳውም ወደ ውጭ ብቅ ያለውን የእንጨት ጫፍ ክብ አድርጎ ቀርጾበታል። ይህንንም ክብ ጫፍ ሰዎች የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። ወድቆ የሚታየው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፥ ዐሥራ ሦስት ደርብ ያለው ቤት አስመስሎ የተሠራ ነው። ድንጋይ እንጨትን መስሎ መቀረጹ ምን ያስተምረናል ቢሉ፥ በዚያ ዘመን የተከበረው ቤት በድንጋይና በእንጨት ተሳስሮ የሚቆም ደርብ ቤት እንደ ነበረ ያስተምረናል።

ሐውልቱ ምሳሌ ነው፤ አማናዊው ሕንፃ ደግሞ በደብረ ዳሞ ይገኛል። በገመድ ተስበው ከሚወጡበት አምባ ላይ ያለው ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን፥ አንድ ረድፍ ድንጋይ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ የዝንጀሮ ራሱም በሐውልቱ ላይ እንደ ተቀረጸው ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። በላስታ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም፥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሆኖ፥ በዚሁ ሥርዐት ጥቍሩን እንጨትና ነጩን ምርጊት እያፈራረቀ ቆሟል። የደብረ ዳሞው ሕንፃ ግን እንዲሁ ዝም ተብሎ የቆየ አይደለም። እርጅና በርትቶበት ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ፥ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ የሕንፃ ዐዋቂ ተልኮ፥ የበሰበሰውን እንጨት በአዲስ እየለወጠ አድሶታል። ዛሬ የሚሳለሙት ምእመናን የሚያዩት ያንኑ የጥንቱን ቤት ነው፤ እንጨቱ በከፊል ተለወጠ ተብሎ ቤቱ ሌላ ሆነ የሚል የለም።

በጎንደር ደግሞ የተገላቢጦሹን እናያለን። የነገሥታቱ ግንብ በድንጋይና በኖራ ስለ ተሠራ ግድግዳው ቆሟል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ቤቶች ጣራውና የደርቡ ወለል እንጨት ስለ ነበረ፥ የሚጠብቀው ሰው በታጣ ጊዜ ወድቆ ሰማይ የሚታይባቸው ሆኑ። እንግዲህ ድንጋዩም ያለ እንጨቱ ቤት ሊባል አልቻለም።

ከነገሥታቱና ከአድባራቱ ወርደን ወደ ተራው ሰው ቤት ስንመጣ፥ አሠራሩን ለካህናት ማስረዳት አያስፈልግም። በቅኔ ቤት የተማረ ሁሉ ጎጆውን በገዛ እጁ ሠርቶ ያውቃል። ቋሚው በጕድጓድ ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከከረመ በኋላ ይመረጋል። ጭቃው እየደረቀ ሲሰነጠቅ ሁለተኛ ይመረጋል፥ ሦስተኛም በደቃቅ አፈር ይለሰናል። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር፥ ከውጭ የሚታየው ጭቃ ሰሙ ነው፤ ቤቱን ያቆመው ወርቅ በውስጥ የተሰወረው እንጨት ነው። የአራዳው ባለ ሱቅ ቤትም በመሠረቱ ከዚህ ጎጆ ሌላ አይደለም፤ ካሬ ሆነ፥ ደርብ ተጨመረለት፥ ፊቱንም ወደ ጐዳና አዞረ።

ፊቱን ወደ ጐዳና ማዞሩ ግን ታላቅ ለውጥ ነው። በቀድሞው ዘመን በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ንግድ የሚካሄደው በቤት አልነበረም። ገበያ በቀኑ በሜዳ ይቆማል፤ ሻጩ ዕቃውን በመሬት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ማታ ሁሉም ይነሣና ሜዳው ባዶ ይቀራል። የጨዋ ሰው ቤትም በአጥር ተከልሎ በውስጥ የሚኖር እንጂ፥ መንገደኛ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚነካው አልነበረም። በሐረርም ምንም እንኳ ከተማዪቱ የጥንት የንግድ አገር ብትሆን፥ የነባሩ ሐረሪ ቤት ወደ ጐዳናው የሚያሳየው ዝም ያለ ግድግዳ ነው፤ ጌጡና መደቡ፥ ሰሐኑና ምንጣፉ በውስጥ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ሕንዳውያን ነጋዴዎች በብዛት ወደዚያች ከተማ መጡ። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት ከምዕራብ ሕንድ ነው፤ በዚያ አገር በተለይም በጉጅራት ቤት በእንጨት ማቆም፥ በርና ተሸካሚውን በቅርጽ ማስጌጥ የቆየ ጥበብ ነው። በሐረርም የሠሩት ቤት ሁለት ደርብ ያለው፥ ወደ ጐዳናው ወይም ወደ ግቢው የሚመለከት በረንዳ ያለው ሆነ። ዩኔስኮ የሐረርን ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጽፍ፥ ይህን የሕንድ ቤት ከነባሩ የሐረሪ ቤት ለይቶ እንደ አንድ የራሱ ዐይነት ቈጥሮታል። ዛሬ በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በአርቱር ራምቦ ስም የሚጠራው ያማረ የእንጨት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ራምቦ ግን የሞተው በ1884 ዓ.ም. ስለ ሆነ አልኖረበትም፤ ቤቱ ከእርሱ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ባለ ቅኔው ስሙን ለቤቱ ሰጠው፤ ቤቱን የሠሩት የአናጢዎች ስም ግን በአፍም በመጽሐፍም አይነሣም።

አዲስ አበባም የተቈረቈረችው በዚያው በ1879 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ የሠራዊት ሰፈር እንጂ ከተማ አትመስልም ነበር። ዋነኛው ችግር የእንጨት እጥረት ነው። በዙሪያው ያለው ጥድ ለማገዶና ለቤት ተቈርጦ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ዐስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አደገና ችግሩን አቀለለው፤ ዋና ከተማነቱም በአዲስ አበባ ጸና። ለአዲስ ዓለም የታሰበውም አዳራሽ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት እንጨት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው በአራዳ ገበያ ዙሪያ ሕንዶች፥ አርመኖችና ግሪኮች ሱቅ ከፈቱ። አናጢዎቹም ከእነርሱ ወገን ነበሩ፤ እንደ አርመናዊው ሚናስ ኸርበክያን ያሉ መሐንዲሶችም በከተማዪቱ ብዙ ቤት ሠሩ። ጭቃውን ያቦካው፥ ማገሩን ያሰረው፥ ድንጋዩን የደረደረው ግን የአገር ሰው ነው። እንግዲህ የአራዳው ቤት ከሁለቱ እጅ የተወለደ ነው፤ መልኩን ከታች ወደ ላይ እያየን እንግለጸው።

ከታች የድንጋይ መሠረት አለ፤ ከመሬትም ከፍ ብሎ ይገነባል። ይህ ለጌጥ አይደለም። የእንጨት ቤት ሞት የሚገባው በእግሩ ነው፤ ቋሚው ከእርጥብ አፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፥ ምስጥም በዚያ ይገባል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ቋሚውን በድንጋዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ደግሞም የእንጨቱን ዐይነት ይለያል፤ ወይራና ጥድ ምስጥን ይታገሣሉ፥ ባሕር ዛፍ ግን ቀጥ ያለና ርካሽ ቢሆንም ምስጥ በቶሎ ይበላዋል።

ከመሠረቱ በላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት ሱቁ ነው። ግድግዳው አንዳንድ ጊዜ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፥ አንዳንድ ጊዜም እንጨትና ጭቃ ነው። የፊቱ ወገን ግን ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት በሮች ጐን ለጐን ተደርድረውበታል። ጧት በሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ ቤቱ በሙሉ ወደ ጐዳናው ይገለጣል፤ በመደርደሪያው ያለው አቡጀዲ፥ ስኳር፥ ሻማና ብርጭቆ ከመንገድ ይታያል። ማታ በወፍራም መወርወሪያ ሲዘጋ ደግሞ እንደ ሣጥን ይሆናል። ነጋዴው ከዕቃው ስለማይለይ ከኋላ ጓዳና መጋዘን አለው፤ መኖሪያው ግን ከላይ ነው።

ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል፥ በጐን ወይም በጓሮ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛ የሱቁ ቦታ እንዳይጠብ፥ ሁለተኛም የቤተ ሰቡ መግቢያና የገዢው መግቢያ እንዲለይ። የላይኛው ደርብ ክብደት እንዳይበዛበት በእንጨትና በጭቃ ብቻ ይሠራል። በፊቱ፥ አንዳንዴም በዙሪያው ሁሉ በረንዳ አለው፤ የበረንዳው ቋሚዎችም ከታች ከመንገዱ ተነሥተው ጣራውን ይሸከማሉ። ይህ በረንዳ ብዙ ሥራ ይሠራል። ዝናሙን ከጭቃው ግድግዳ ያርቃል፤ ፀሓዩን ከዕቃው ይከለክላል፤ በሥሩ ለሚያልፈው እግረኛ መጠለያ ይሆናል፤ ከላይ ለተቀመጠችው እመቤት ደግሞ ሳትታይ ገበያውን የምታይበት ሰገነት ነው።

በመጨረሻ ጣራው አለ። ሾጠጥ ያለ ነው፤ ጠርዙም ከግድግዳው ርቆ ይወጣል። በጠርዙ ላይ የሚመታው ጠርብ በመጋዝ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ ያጌጣል። መልኩን የሚያይ ሰው ጌጥ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የውኃው ጠብታ ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ በጫፉ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ያደርጋል። የዚህ ቤት ጥበብ እንዲህ ነው፤ ያጌጠው ነገር ሁሉ ሥራ አለው።

አሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንመለስ። ከባቡሩ በፊት የባሕሩ ዕቃ የሚመጣው በግመል ነበር። ያ ራምቦ ራሱ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ እስኪደርስ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ መስተዋት ሳይሰበር፥ የቆርቆሮ ክምርም ሳይጐብጥ ማድረስ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር ነው። ስለዚህ የቆርቆሮ ጣራ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ምልክት ነበረ፤ የተረፈው ሰው ሣር ይከድን ነበር፥ ሣርም እሳት ይወዳል።

የባቡሩ ውል ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከሥሩ በሜዳው ቆመ፥ በዚያም ድሬ ዳዋ ተቈረቈረች። ከዚያ አዋሽን በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በግመል ወራት የሚፈጀው ዕቃ በሦስት ቀን ውስጥ የሚደርስ ሆነ። በዚህም ጊዜ ቆርቆሮና ምስማር ለመካከለኛው ነጋዴም ተዳረሰ፤ ልጡ በምስማር፥ ሣሩም በቆርቆሮ ተተካ። ቤቱም ቀለል ያለ ጣራ ስለ ተጫነበት ደርብ መጨመርና በረንዳ ማርዘም ቀለለው። ስለዚህ በአራዳ ያለው ሰገነት ሁሉ አንድ ወገኑ በአዋሽ ያለፈ መንገደኛ ነው ማለት እንችላለን።

የዚህ ቤት ዘመን ግን አልረዘመም። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐመዳሊን የመሰሉ ታላላቅ የሕንድ ነጋዴዎች በ1929 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ፤ የአገሬው ገበያም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተዛወረ። አራዳም ፒያሳ ተባለ። ከነጻነት በኋላ ሲሚንቶና ብረት እየበዛ ሄደ፤ ሀብታም የሆነ ሁሉ የእንጨቱን ቤት እየተወ ወደ ግንቡ ገባ።

ይሁን እንጂ ቤቱን ይበልጥ የጐዳው ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ብዙው የአራዳ ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ለድኻ እንዲመች ዝቅ ተደረገ፤ ይህ ለተከራዩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ትንሽ ኪራይ ጣራ የሚጠገንበት ገንዘብ አልተረፈም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ፥ አከራዩ ገንዘብ የለኝም ብሎ፥ ያንዱ ቤተ ሰብ የነበረው ደርብ በካርቶንና በጣውላ ተከፋፍሎ የብዙ ቤተ ሰብ ማደሪያ ሆነ። በረንዳውም ተዘግቶ ክፍል ሲሆን የግድግዳው መከለያ ጠፋ። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ሊመረግ የሚገባው ጭቃ ሳይመረግ ክረምት ገባ፤ የዝገተው ቆርቆሮ አፈሰሰ፤ ውኃው ወደ ቋሚው እግር ወረደ። ከላይ እንደ ተናገርን የእንጨት ቤት ሞት የሚገባው በእግሩ ነው።

በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው፥ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጠለ፤ ኋላም ታድሶ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሰፋ። በአሮጌው ሐዲድ ላይም ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ወደ ድሬ ዳዋ የሚደረገው ጕዞ ቀርቶ፥ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ መስመር በሌላ ጣቢያ ስለሚያልፍ፥ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ያለ መንገደኛ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ የተቃዋሚውን ቃል በቅንነት መስማት ይገባናል። «በሚያፈስ ጣራ ሥር ያለ መጸዳጃ የሚኖር ሰው፥ ቤትህ ቅርስ ነው ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ከተማስ መንገድና የውኃ ቧንቧ አያስፈልጋትምን?» ይላል። ቃሉ እውነት አለው። ሰው ለቤት አልተፈጠረም፤ ቤት ለሰው ተሠራ እንጂ። በሰው መከራ ላይ የቆመ ጥንታዊ ውበት ውበት አይባልም። ስለዚህ አሮጌ ሁሉ ይቅር አንልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለያለን። ነዋሪውን ያስቸገረው የቤቱ እንጨት መሆን ሳይሆን ሳይታደስ መቅረቱ ነው። ያው ቤት በበሰበሰው ቋሚ ፈንታ አዲስ ቢተካለት፥ ጣራው ቢለወጥ፥ ውኃና መጸዳጃ ቢገባለት፥ ለሱቅም ለመኖሪያም ይሆናል። ለዚህም ምስክር አለ፤ የራስ ብሩ ቤት ታድሶ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል።

ሌሎችም አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። በእንግሊዝ አገር በቼስተር ከተማ በእንጨት የተዋቀሩ ቤቶች ከታች ሱቅ ከላይም ሰው የሚያልፍበት የተሸፈነ በረንዳ አላቸው፤ ገበያተኛው ዛሬም በዚያ ይመላለሳል። በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግም እንዲሁ እንጨታቸው ከውጭ የሚታይ ቤቶች ከነሱቃቸው ይኖራሉ። ጃፓኖች ደግሞ በኢሴ ያለውን የእንጨት ቤተ መቅደሳቸውን በየ20 ዓመቱ አፍርሰው በዚያው መልክ እንደ ገና ይሠሩታል፤ የመጨረሻው የተፈጸመው በ2006 ዓ.ም. ነው። አምልኳቸው ከእኛ የራቀ ቢሆንም ጥበባቸው ሊታሰብ ይገባዋል። በየ20 ዓመቱ ሲሠሩት ሽማግሌው አናጢ ጐልማሳውን ያስተምራል፥ ጐልማሳውም በተራው ልጁን ያስተምራል። የሚጠብቁት እንጨቱን ብቻ ሳይሆን እጁን ነው።

የእኛም ጕዳት ከዚህ ላይ ነው። አንድ ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው አንድ ቤት ነው፤ የሚያድሰው አናጢ ሲጠፋ ግን የቀሩት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። የቋሚን የበሰበሰ እግር ቈርጦ ከአዲስ እንጨት ጋር የሚያጋጥም፥ ጭዱንና አፈሩን መጥኖ የሚያቦካ፥ የጣራውን ጠርዝ በመጋዝ የሚጠልፍ ሠራተኛ እየቀነሰ ነው። ብዙ ሰውም ለመልካም ዐስቦ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል፤ ይህ ግን ቤቱን ያፈጥንበታል። ጭቃ ይተነፍሳል፥ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ ያስቀራል፤ ከውጭ አማረ ሲሉት ማገሩና ቋሚው በስውር ይበሰብሳል። ሰሙን ሲያጠነክሩት ወርቁ ጠፋ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209 ለጥንታዊ ቤት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ቤቱ ተቈጥሮ፥ ተለክቶ፥ ሥዕሉ ተነሥቶ ሲታወቅ ነው። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ስለ አዲስ አበባ ከ1941 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፊት ስለ ተሠሩት ቤቶች ያዘጋጁት መጽሐፍ ለዚህ ሥራ መሪ ነው። በአዋሽና በሌሎቹ ጣቢያዎች ያሉት የባቡር ቤቶችም እንዲሁ ሊለኩ ይገባቸዋል። በደብር ግቢ ያሉት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ደግሞ በእኛ በካህናት እጅ ናቸው። እነርሱን በሲሚንቶ ከመለሰን፥ ጭቃ የሚያውቅ ሽማግሌ ጠርተን ከሥሩ ሁለት ጐልማሶች ብናሰለጥን፥ ብዙ ገንዘብ ሳይፈጅ ጥበቡ ይተርፋል።

እንደ ሰመራ ያሉ አዲስ ከተሞችም ከአሮጌው ቤት የሚማሩት አለ። የቈላው ፀሓይ በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ቤቱ እንደ ምድጃ ይሆናል፤ የአዋሽ ጣቢያ ሠሪዎችና የአራዳ ነጋዴዎች ግን በሱቁ ፊት ሰፊ በረንዳ አስቀድመው ዕቃውንም ሰውንም በጥላ ያኖሩ ነበር። የዳቦይታው ሰሌንም ነፋስ የሚያሳልፈው በዚሁ ብልሃት ነው። ሲሚንቶ ይሁን፥ ብረት ይሁን፤ በፊቱ ጥላ ያለው፥ ለመንገደኛም መጠለያ የሚያተርፍ ቤት መሥራት የሚከለክል የለም።

አንባቢ ሆይ፤ በመንገድህ ላይ ጠርዙ የተጠለፈ፥ በረንዳው ያዘነበለ፥ ከታች ሱቅ ያለው አሮጌ የእንጨት ቤት ብታገኝ፥ ከመንቀፍህ በፊት እግሩን እይ። ቋሚው ከድንጋዩ ላይ ገና ጸንቶ ከሆነ፥ ያ ቤት የጐደለው ሠራተኛ እንጂ ዕድሜ አይደለም።